ዓባይ በረሃን ሳይሻገር የሚያልቅ መድኃኒት

አክስቴ የምትኖረው ብቸና ነው። የጡት ካንሰር ታክማ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ጀርባዋን ያማት ጀመር። ሐኪሟም «ወደ አጥንት ሄዶ እንዳይሆን ይታይ» ብሎ ለአጥንት ስካን አዲስ አበባ ላካት። ደብረ ማርቆስ አድራ፣ ዓባይ በረሃን ወርዳ ወጥታ፣ እኔ ዘንድ ደረሰች። በማግስቱ በጠዋት ይዣት ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ መዝገቡን ገለጥ አድርጋ አየችና «እማማ፣ ዕቃው አልገባም። ሰኞ ሳምንት ይመለሱ» አለቻት።

አክስቴ አልተቆጣችም። ገረማት እንጂ።

«የምን ዕቃ ነው?» አለችኝ ደረጃውን ስንወርድ።

«መድኃኒቱ ነው። በደም ሥር የሚሰጡሽ።»

«ታዲያ አንድ ካርቶን ገዝተው መደርደሪያ ላይ አያስቀምጡም?»

አያስቀምጡም። ቢፈልጉም አይችሉም። ያን ቀን መንገድ ላይ በሁለት ዓረፍተ ነገር ላስረዳት ሞክሬ አቅቶኝ ነበር። አሁን ረዘም አድርጌ ልሞክረው።

ኤክስሬይ የሰውነትን ቅርጽ ነው የሚያነሳው። ቤትን ከውጭ እንደማየት ነው። ግድግዳው ተሰንጥቆ እንደሆነ፣ ጣሪያው ዘሞ እንደሆነ ይታያል። ገጠር ያደገ ሰው ግን በጠዋት ከኮረብታ ላይ ቆሞ መንደሩን ሲያይ ሌላም ነገር ያውቃል። ጭሱን አይቶ የማን ቤት እንጀራ እየተጋገረ እንደሆነ፣ የማን ምድጃ ገና እንዳልተያያዘ ይለያል። ይህ በደም ሥር የሚሰጠው ጠቋሚ መድኃኒት የሚያሳየው ጭሱን ነው። አጥንት በሚወደው ንጥረ ነገር ላይ ጨረር የሚያወጣ አተም ይለጠፋል። አጥንቱ ከልክ በላይ ሥራ የበዛበት ቦታ፣ ስብራት ሲጠግን ይሁን ዕጢ ሲቦረቡረው፣ መድኃኒቱን አብዝቶ ይወስዳል። ጋማ ካሜራ የሚባለው መሣሪያ ከውጭ ሆኖ ጨረሩን ይለቅማል። ካሜራው ራሱ ጨረር አያወጣም። የሚያበራው በሽተኛው ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ጆርጅ ደ ሄቬሲ የሚባል የሃንጋሪ ተወላጅ ኬሚስት በ1911 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ሲሠራ ተከራይቶ የሚኖርበት ቤት ባለቤት ያደረ ምግብ እያደሰች የምታቀርብ ይመስለዋል። እሷ ደግሞ ትክዳለች። አንድ ቀን ሳህኑ ላይ በተረፈው ምግብ ጥቂት ራዲዮአክቲቭ ነገር ጠብ አደረገበት። ከጥቂት ቀን በኋላ የመጣለትን ምግብ በመሣሪያ ሲለካው ያው ጨረር ተገኘ። ታሪኩን ያወራው ሄቬሲ ራሱ ነው፤ ስለ ቤቱም ምግብ ሌላ ምስክር የለንም። በዚህ «ጠቋሚ» አስተሳሰብ ግን በ1943 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ወደ አክስቴ መደርደሪያ እንመለስ። ራዲዮአክቲቭ አተም ያለማቋረጥ ያልቃል። ፍጥነቱን የምንለካው «ግማሽ ዕድሜ» በሚባለው ነው፤ ከያዝነው ውስጥ ግማሹ እስኪያልቅ የሚፈጀው ጊዜ ማለት ነው። ለአጥንት ስካን የሚውለው ቴክኒሺየም 99ኤም ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት ነው። ለፔት ስካን፣ ለካንሰር በብዛት ለሚሠራው ሌላ ዓይነት ምርመራ፣ የሚውለው ፍሎሪን 18 ደግሞ 110 ደቂቃ። ጋሊየም 68፣ 68 ደቂቃ። ካርቦን 11፣ 20 ደቂቃ። ኦክስጅን 15፣ 2 ደቂቃ ብቻ።

ይህን በእኛ መንገድ እናስላው። ጎሐ ጽዮን ላይ ካርቦን 11 ይዞ የተነሳ መኪና ከከባድ መኪና ኋላ እየተጎተተ በረሃውን ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ደጀን እስኪወጣ አንድ ሰዓት ቢፈጅበት፣ የቀረው ከስምንት አንድ እጅ ነው። ኦክስጅን 15 ከሆነ ደግሞ ገና የመጀመሪያዎቹን ጥምዞች ሳይጨርስ አልቋል። ፍሎሪን 18 ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በመኪና 10 ሰዓት ቢሄድ የሚደርሰው ከመቶ ሁለት ያህሉ ነው። በአውሮፕላን ሆኖ ከበር እስከ በር 4 ሰዓት ቢፈጅ ከመቶ 22 ይደርሳል። እንግዲህ አስቡት፤ መቶ ብር ልካችሁ ሃያ ሁለት ብር ነው የሚደርሳችሁ። ያውም በረራው ካልዘገየ።

ታዲያ ለምን እንዲህ ቶሎ የሚያልቅ ነገር ይመረጣል? ማለቁ ነዋ ቁም ነገሩ። ለፎቶው የሚያስፈልገው ጥቂት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ በሰውነት ውስጥ የሚቀር ጨረር ጥቅም የለውም፤ ጉዳት ብቻ ነው። ለምሳሌ የአጥንት ስካን የሚተወው የጨረር መጠን 4 ሚሊሲቨርት አካባቢ ነው። ማንም ሰው ከምድርና ከሰማይ፣ ከሚበላውና ከሚተነፍሰው በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያገኛል። ስለዚህ አክስቴ የሚደርስባት የሁለት ዓመት ያህል የተፈጥሮ ጨረር አንዴ ተጨምሮላት ነው ማለት ይቻላል። አንዳንዱ ሰው «ኒውክለር» ሲባል ቦምብ ወይም የመብራት ማመንጫ ብቻ ነው ትዝ የሚለው። የሆስፒታሉ ኒውክለር ግን ጠባዩ ሌላ ነው። እጅ ላይ የማይቆይ ነገር ነው።

6 ሰዓት ዕድሜ ያለው ቴክኒሺየም ራቅ ወዳለ ከተማ እንዴት ይደርሳል? መልሱ፣ እሱን አትልክም፤ እናቱን ነው የምትልከው። ቴክኒሺየም 99ኤም የሚወለደው ከሞሊብዲነም 99 ነው። የእናትየው ግማሽ ዕድሜ 66 ሰዓት ነው። እናትየው አልሙና በሚባል ነጭ ዱቄት በተሞላች ትንሽ ቱቦ ውስጥ ተጣብቃ ትቀመጣለች። ቱቦዋ በወፍራም እርሳስ ትሸፈናለች። እርሳስ ስል የሚጻፍበትን አይደለም፤ ብረቱን ነው። ጠዋት ላይ ጨዋማ ውሃ፣ በሆስፒታል ግሉኮስ ከሚሰቀልበት ጋር ወንድማማች የሆነው ሳላይን፣ በቱቦዋ ውስጥ ያልፋል። ሞሊብዲነሙ ዱቄቱን አይለቅም። ቴክኒሺየሙ ግን ከውሃው ጋር ታጥቦ ይወጣል። ቴክኒሺየሙ እንደገና ይጠራቀማል፤ በ6 ሰዓት ግማሽ ያህሉ፣ በአንድ ቀን ገደማ ደግሞ ሙሉው። በማግስቱ እንደገና ይታለባል።

«ይታለባል» ያልኩት የራሴን ፈጠራ አይደለም። በዓለም ላይ ያሉ የሙያው ሰዎች ዕቃውን «ላም» ነው የሚሉት፤ ሥራውንም «ማለብ»። መደበኛ ስሙ ጀነሬተር ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ጀነሬተር ካላችሁ ሰው የሚያስበው መብራት ሲጠፋ ሱቅ በር ላይ የሚንደቀደቀውን ስለሆነ እኔም ላም ብል ይሻለኛል። ደግሞ የሚገርመው፣ ይህኛው ጀነሬተር መብራት አይፈልግም። አየሩ የተመጠጠ ብልቃጥ በአንድ በኩል ይሰካል፤ ብልቃጡ ራሱ ውሃውን ይስባል። ይህ ዘዴ የተሠራው አሜሪካ ብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ውስጥ በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው።

ላሟ ግን ትነጥፋለች። ሰኞ የገባች ላም ረቡዕ 60 በመቶ፣ ዓርብ 36 በመቶ ያህል ነው የሚቀራት። እንደ ቡና ቁጠሩት፤ ሰኞ አቦል፣ ረቡዕ ቶና፣ ዓርብ በረካ። በሚቀጥለው ሰኞ አዲስ መምጣት አለባት። አክስቴ የመጣችበት ሳምንት አዲሷ ላም አልመጣችም ነበር። ነገሩ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አክስቴም በከፊል ልክ ነበረች። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ነገር አለ። አጥንት የሚፈልገው፣ ልብ የሚፈልገው፣ ኩላሊት የሚፈልገው ንጥረ ነገር በደረቅ ዱቄት መልክ በየብልቃጡ ታሽጎ ይመጣል። ዱቄቱ ወራት ይቆያል። ጠዋት የታለበው ቴክኒሺየም ሲጨመርበት ነው መድኃኒት የሚሆነው። አንዷ ላም ስለዚህ በአንድ ቀን ለአጥንትም፣ ለልብም፣ ለእንቅርትም ታገለግላለች።

የደኅንነቱ ጥያቄም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ላሟ ብትሳሳትስ? ቱቦዋ ቢሰነጠቅና ሞሊብዲነሙ ከቴክኒሺየሙ ጋር ቢወጣስ? ያን ጊዜ በሽተኛው የማይፈልገውን፣ ዕድሜው የሚረዝመውን፣ ጨረሩ የሚከፋውን እናትየውን ይወስዳል። ስለዚህ ከታለበ በኋላ ለማንም ከመሰጠቱ በፊት ይፈተሻል። ፍተሻው በጣም ደስ ይለኛል፤ ቀላልና ብልህ ነው። የቴክኒሺየም ጨረር ደካማ ነው፤ ሚሊሜትር እንኳ በማይሞላ እርሳስ ግማሹ ይቆማል። የሞሊብዲነም ጨረር ግን ኃይለኛ ነው፤ እርሳሱን በርትቶ ያልፋል። ብልቃጡን ወፈር ያለ የእርሳስ ጣሳ ውስጥ ከተው መለኪያው ላይ ያስቀምጡታል። ከጣሳው ውጭ የሚደርሰው የሞሊብዲነም ብቻ ነው። ከተፈቀደው በላይ ከሆነ የዚያ ቀን ወተት ይደፋል። ይህ ሁሉ ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው።

ደቂቃዎቹ ሲዘለሉ ምን እንደሚሆን በ2011 አሜሪካ ውስጥ ታይቷል። ሩቢዲየም የሚያወጣ ሌላ ዓይነት የልብ መመርመሪያ ጀነሬተር እናትየዋን፣ ስትሮንሺየምን፣ እየለቀቀ ነበር። የታወቀው በሆስፒታል አይደለም። ምርመራ ካደረጉ ከወራት በኋላ ድንበር ሲሻገሩ የጨረር ማንቂያው የጮኸባቸው ሰዎች ነበሩ። የሩቢዲየሙ ግማሽ ዕድሜ 75 ሰከንድ ነው፤ በዚያው ቀን ጠፍቶ ማለቅ ነበረበት። ምርቱ ለጊዜው ከገበያ ተሰበሰበ። ሀብታም አገር፣ መሣሪያው የተሟላ፣ ሕጉ የጠበቀ። ግን የዕለት ፍተሻ ሲላላ ይኸው።

ፔት ስካን ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ሳይክሎትሮን ነው። የሃይድሮጅን አተም እምብርት፣ ፕሮቶን ማለት ነው፣ በክብ መንገድ እየዞረ እየፈጠነ ይሄድና ጥቂት ሚሊሊትር ውሃ ላይ ይወረወራል። ውሃው ተራ ውሃ አይደለም፤ ኦክስጅኑ ከበድ ያለው ኦክስጅን 18 የሆነ፣ በጣም ውድ ውሃ ነው። ፕሮቶኑ ሲመታው ኦክስጅኑ ወደ ፍሎሪን 18 ይለወጣል። አንድ ሁለት ሰዓት ይደበደባል። ሲደበደብ ኒውትሮን ይረጫል፤ ስለዚህ ክፍሉ ሁለት ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የኮንክሪት ግድግዳ ይፈልጋል። በሩ ከማሽኑ ጋር የተያያዘ ነው፤ በሩ ከተከፈተ ማሽኑ ይቆማል። ከዚያ ፍሎሪኑ በቀጭን ቱቦ የእርሳስ ግድግዳ ወዳለው ሳጥን ይሄዳል። ውስጥ ያለ አነስተኛ ሮቦት ከስኳር ጋር ያገናኘዋል። ሰው በመስታወት ያያል እንጂ አይነካውም። ካንሰር ስኳር ስለሚወድ ባለጨረሩን ስኳር አብዝቶ ይወስዳል፤ በፎቶው ላይ ቦግ ይላል።

እግረ መንገዴን ልናገር፤ ለፔት ስካን የሚመጣ ሰው ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ምግብ ሳይበላ መምጣት አለበት። ጾም ለለመደ ጎጃሜ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ከባዱ ሌላው ነው። በዋዜማው ከባድ ሥራ መሥራትና ብዙ መንገድ በእግር መሄድ አይመከርም፤ ጡንቻ ስኳሩን ይሻማል። ብርድም ይከለከላል። ሲበርደን ሙቀት ለመስጠት የሚነድ የስብ ዓይነት አንገትና ትከሻ ላይ አለ፤ እሱም ስኳሩን እየወሰደ ፎቶው ላይ በሽታ መስሎ ይበራል። የቾቄ ተራራ ግርጌ ሰው ሌሊት ተነስቶ በጋቢ ተጠቅልሎ ሲመጣ በቅድሚያ ሙቅ ክፍል ውስጥ ማሳረፍ ያስፈልጋል።

የስኳሩ መድኃኒት ከተሠራ በኋላ ያለው ፍተሻ ነው ለእኔ ከሁሉም የሚገርመኝ። ጥራቱ ይታያል፤ ጠርቷል ወይስ ደፍርሷል? አሲድነቱ ይለካል። ግማሽ ዕድሜው በእርግጥ 110 ደቂቃ አካባቢ መሆኑ ይረጋገጣል፤ ሌላ ቁጥር ከወጣ ሌላ ነገር ተቀላቅሏል። በማምረቻው ውስጥ የተጠቀሙበት መርዛማ ኬሚካል ተርፎ እንደሆነ ይፈተሻል። ትኩሳት የሚያስነሳ የባክቴሪያ ቅሪት መኖሩ ይታያል። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። አንድ የማያልቅ አለ። መድኃኒቱ ውስጥ ሕይወት ያለው ጀርም አለመኖሩን ማረጋገጥ። ለዚያ ናሙናውን ጀርም በሚያድግበት ፈሳሽ ውስጥ 14 ቀን ማቆየት ያስፈልጋል።

መድኃኒቱ ግን 14 ሰዓት እንኳ አይቆይም።

ስለዚህ በሽተኛው ተወግቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ አገሩ ገብቶ፣ ምናልባት ጠላ ጠምቆ ሁለተኛ ሳምንት ከሆነው በኋላ ነው «ጀርም የለበትም» የሚለው ወረቀት የሚመጣው። ለፋብሪካ ሰው ይህ ቅዠት ነው። ሌላው መድኃኒት ሁሉ መጀመሪያ ይመረመራል፤ ከዚያ ይሸጣል። እዚህ ግን መጀመሪያ ይሰጣል፤ ከዚያ ይመረመራል። እንዴት ያለ ድፍረት ነው ልትሉ ትችላላችሁ። መውጫው አንድ ነው፤ ምርቱን ሳይሆን አሠራሩን ማመን። አየሩ የተጣራ ክፍል፣ ጀርም የማያሳልፍ 0.22 ማይክሮን ቀዳዳ ያለው ማጣሪያ። ማጣሪያው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ያልተቀደደ መሆኑ ወዲያው በአየር ግፊት ይፈተሻል። ሠራተኛው በየጊዜው ያለመድኃኒት፣ ጀርም በሚወደው ሾርባ ብቻ፣ ሙሉውን ሥራ ሠርቶ እጁ ንጹሕ መሆኑን ያሳያል። እያንዳንዷ እርምጃ ትጻፋለች። የዛሬው መድኃኒት የሚታመነው የትናንቱና የትናንት ወዲያው ንጹሕ ስለነበረ ነው። ጥሩ ጠላ ጠማቂ ጋን ያጠነችበትን፣ ያጠበችበትን፣ ያሳደረችበትን ሥርዓት አንዴ ብታጎድል ጠላው እንደሚሰናከል ታውቃለች። ልዩነቱ፣ ጠላው ሲሰናከል ትቀምሰዋለህ። ይህ ግን አይቀመስም።

በዚህ የተነሳ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ውድ የሚሆነው ማሽኑ አይደለም። ማሽን በዕርዳታም ይገኛል፤ ሪባንም ይቆረጥለታል። ውድ የሚሆነው ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቶ በየቀኑ አንድም እርምጃ ሳይዘል የሚሠራ ሰው ነው። ኦክስጅን 18 ውሃ ጨርሰን ለሳምንት ሥራ ብናቆም ያናድዳል። ፍተሻ ዘለን ሥራ ብንቀጥል ግን ያ የባሰ ነው።

ሠራተኛውን በተመለከተ አጭሩን ልናገር። ሦስት ነገር ነው፤ ጊዜ፣ ርቀት፣ ከለላ። ቶሎ ሥራና ውጣ። ራቅ በል፤ ርቀቱን በእጥፍ ብታደርገው ጨረሩ አራተኛ እጁ ብቻ ይሆናል። መርፌውን በቱንግስተን ሽፋን ያዘው። በዓመት የሚፈቀደው በአማካይ 20 ሚሊሲቨርት ሲሆን ለጣት ደግሞ 500 ነው፤ ስለዚህ ደረት ላይ ከሚለጠፈው መለኪያ ሌላ ጣት ላይ ቀለበት ያደርጋሉ። አንድ የተለመደ ስህተት ግን አለ። በኤክስሬይ ክፍል የምናውቀው ግማሽ ሚሊሜትር የእርሳስ ሽርጥ ለፔት ስካን መድኃኒት ጥቅሙ እዚህ ግባ አይባልም። ያ ጨረር ግማሹ የሚቆመው አራት አምስት ሚሊሜትር እርሳስ ሲኖር ነው። ሽርጡን ለብሶ ተማምኖ የሚጠጋ ሰው ሳይለብስ ከሚርቀው የባሰ ይጎዳል።

ቆሻሻውስ? ይኸኛው የአጭር ዕድሜ በረከት ነው። አሥር ግማሽ ዕድሜ ካለፈ የሚቀረው ከሺህ አንድ እጅ ያህል ነው። ለፍሎሪን 18 ይህ 18 ሰዓት ገደማ ነው፤ ለቴክኒሺየም 60 ሰዓት። መርፌውንና ጓንቱን ቀን ጽፎ በእርሳስ ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ማሳደር ነው። ሰኞ የተቆለፈው ለሳምንቱ ሰኞ ተራ የሆስፒታል ቆሻሻ ሆኖ ይወጣል፤ ያውም ተለክቶ። ይህን በ1987 ብራዚል ጎያኒያ ከተማ ከሆነው ጋር አስተያዩት። ከተዘጋ ክሊኒክ የተተወ የካንሰር ማከሚያ ማሽን ሁለት ሰዎች ለቁራሊዮ ሸጡት። ውስጡ የነበረው ሲዚየም 137፣ ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት፣ በጨለማ ሰማያዊ የሚያበራ ዱቄት ነበር። ሰው ለሰው ተሰጣጠው፤ ልጆች ተቀቡት። አራት ሰዎች ሞቱ፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው መመርመር ግድ ሆነ። ጨረር ብሎ ሁሉንም በአንድ ከረጢት መክተት ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። አንዱ ሲያድር ይሞታል፤ ሌላው የልጅ ልጅ ይቀብራል።

የአቅርቦቱ ጣጣ ግን ከጎጃም ብቻ አይደለም የሚጀምረው። ሞሊብዲነም 99 በአብዛኛው የሚሠራው ዩራኒየም በኒውክለር ማብላያ ውስጥ ሲሰነጠቅ ነው። ለመላው ዓለም የሚያመርቱት ማብላያዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ብዙዎቹም ያረጁ። የቤልጅየሙ፣ የኔዘርላንዱ፣ የደቡብ አፍሪካው ሁሉም ከ1960ዎቹ ናቸው። በአህጉራችን በስፋት የሚያመርተው ፕሪቶሪያ አቅራቢያ ያለው ሳፋሪ 1 በ1965 የተጀመረ ነው። በ2009 ግንቦት ላይ የካናዳው ማብላያ ውሃ አፍስሶ ተዘጋ፤ እስከ 2010 ነሐሴ አልተከፈተም። በዓለም ዙሪያ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ። በዚያው መሐል፣ 2010 ሚያዝያ ላይ፣ የአይስላንድ እሳተ ገሞራ አመዱን በትኖ የአውሮፓን በረራ ዘጋ። ላሟ አየር ማረፊያ ቆማ ነጠፈች። አክስቴ «ዕቃው አልገባም» የተባለችው በአንድ መስኮት ይመስላታል። የለንደን ሰውም እንደዚያው ተብሏል።

በዚህ ላይ የእኛን ጨምሩ። መንገድ ይዘጋል፤ በረራ ይቆማል። ያለፉትን ዓመታት ጎጃም የኖረ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

ታዲያ ለባሕር ዳር ምን ይሻላል? ሕዝቡ ከደጀን እስከ ዳንግላ፣ ከሞጣ እስከ ቡሬ ወደ ፈለገ ሕይወትና ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ነው የሚመጣው። በእኔ ግምት መጀመሪያ የሚያዋጣው ላሟ ናት። ከአዲስ አበባ በመኪና 10 ሰዓት ብትሄድ የምታጣው ከአሥር አንድ እጅ ብቻ ነው። ቴክኒሺየሙን ራሱን ብትልክ ግን ከሦስት አንድ እንኳ አይደርስም። ዕቃው የትንሽ ባልዲ ያህል ነው። መንገድ ለሁለት ቀን ቢዘጋ እንኳ ስትደርስ የሚታለብ ይቀራታል። ሳይክሎትሮን ግን ሁለት ሜትር ግድግዳ፣ የማይቆራረጥ ከፍተኛ ኃይል፣ በሙያው የበሰለ የጥገና ሰው ይፈልጋል። ናይሮቢ አለ፤ ለሰፊ ከተማ ያዋጣል። በየሳምንቱ ጥቂት የፔት በሽተኛ ለሚኖራት ከተማ ግን ቅንጦት ነው። ፔት ካሜራ አንድ ቀን ከመጣ ደግሞ ጋሊየም 68 የምትሰጥ ሌላ ላም አለች፤ የእናትየዋ ግማሽ ዕድሜ 271 ቀን ነው። አንዴ ከገባች ዓመት ገደማ ትታለባለች። ለራቀ ከተማ እንደዚያ ያለ ነገር ነው የሚመቸው።

ላሟ መጀመሪያ ትምጣ የምለው በሌላም ምክንያት ነው። ደጋው ጎጃም የእንቅርት አገር ነው። ዝናቡ ከተራራው አዮዲኑን እያጠበ ስለሚወስደው አፈሩም እህሉም አዮዲን ያንሰዋል። ጨው አዮዲን እንዲገባበት በደንብ የተደነገገው በ2011 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ከዚያ በፊት ያበጠው አንገት ግን ብዙ ነው። ቴክኒሺየም እንደታለበ፣ ምንም ዱቄት ሳይጨመርበት፣ በደም ሥር ቢሰጥ የእንቅርት ዕጢ አዮዲን መስሎት ይውጠዋል። በ20 ደቂቃ ፎቶው ይነሳል። ያበጠው ጉብታ አብዝቶ ከሚሠራው ወገን ነው? ከሆነ ካንሰር የመሆን ዕድሉ በጣም ዝቅ ያለ ነው። ሥራ የፈታ ቀዝቃዛ ጉብታ ከሆነ ደግሞ በመርፌ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል፤ አብዛኛው እሱም ካንሰር አይደለም። አንገቷ ያበጠ ሴት ሁሉ ቢላ ሥር ከመግባቷ በፊት ይህ ቢታወቅ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ አይጨመርባትም።

አክስቴ ሰኞ ሳምንት ተመለሰች። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ተወጋች። መድኃኒቱ ወደ አጥንቷ እስኪገባ ሦስት ሰዓት ያህል ውሃ እየጠጣች ሽንት ቤት እየተመላለሰች ጠበቀች፤ አጥንት ያልወሰደው በኩላሊት ነው የሚወጣው። ከዚያ አልጋው ላይ ተኛች፤ ካሜራው ከላይና ከታች በዝግታ አለፈባት። ሐኪሙ በኋላ ጀርባዋ ላይ የታየው የመገጣጠሚያ እርጅና እንጂ ሌላ አይመስልም አለን። ለዚያ ቀን ሕፃን አቅፋ መቆየት እንደሌለባት ነገሯት። እሷ የሰማችው ይህንን ብቻ ነው፤ ብቸና የስድስት ወር የልጅ ልጅ አላት።

በማግስቱ አሳፈርኳት። እኩለ ቀን ላይ ደወለች።

«ደጀን ነኝ። አልቋል?»

አሰላሁ። ከተወጋች 26 ሰዓት ሆኗታል፤ በሽንት የወጣውን ሳልቆጥር ከሃያ አንድ እጅ ቀርቷል። «ብቸና እስክትደርሺ ደግሞ ይቀንሳል። እቀፊው» አልኳት።

«ኧረ እኔስ ለሱ አይደለም» አለች። «ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ነገር እንዲህ ቶሎ ማለቁ ነው የገረመኝ።»